መርዶ በደርሶ መልስ

ባለቤቴ ስትሞት ሁለቱ ወንዶች ልጆቻችን አሜሪካን አገር ቴክሳስ ነበሩ። ትልቁ ዳላስ በሚባለው ከተማ፣ ትንሹ ሂውስተን በሚባለው። እኔ ሁለቱንም ከተሞች አላየኋቸው፤ ከእንግዲህም አላያቸው። በመካከላቸው ያለውን መንገድ ግን ከካዛንቺስ ወደ ባምቢስ ከሚያወርደው እኩል አውቀዋለሁ ብል ማንም ውሸታም አይለኝም። ያን ክረምት በሐሳቤ እሱን ስነዳ ነው የከረምኩት።

ሰኔ ላይ ነው። ጠዋት ግቢው ውስጥ ልብስ ስታሰጣ ወደቀች፣ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል አረፈች። ግፊት ነው አሉ። በማግስቱ ቀበርናት። እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ፣ በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነቀለ። እኔ ሰው ሁሉ እያጽናናኝ ስቀመጥ ሐሳቤ አንድ ነገር ላይ ነበር። ልጆቹን ማን ያርዳቸው?

የትልቁ አልከበደንም። ዳላስ ብዙ ዘመን ስለኖረ ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት፣ እዚያ እድር ሳይቀር አላቸው። የኛ እድር ዳኛ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ የአክስቱ ልጅ እዚያው ዳላስ ስለሚኖር ወደሱ አስደወለ። ሊነጋጋ ሲል አሥራ ምናምን ሰው ሆነው በሩን አንኳኩ፣ ገቡ፣ ዝም ብለው ቁጭ ቁጭ አሉ፣ ከዚያ ሽማግሌው ተናገረ። ልጄ እንደ ወጉ ተረዳ፣ እንደ ወጉ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ደውሎ አብረን አለቀስን። ጥሩ።

ጣጣው የትንሹ ነው። ሂውስተን ከገባ ዓመት አልሞላውም። ሥራ አገኘሁ ብሎ ከወንድሙ ተለይቶ ሄደ፤ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳ ማሽን ይነዳል። ብቻውን ነው የሚኖረው። ሂውስተንም ሐበሻ ሞልቷል ይላሉ፤ ይሙላ፣ እሱ የሚያውቀው የለም። ድሮም ሰው ቶሎ አይለምድም። የመጨረሻ ልጃችን ስለሆነ ጡት የጣለው ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል ነው እያልን እንቀልድበት ነበር። በየእሑዱ ይደውላል። የሚደውለው ታዲያ ለኔ አይደለም። ስልኩን እኔ ካነሳሁት «አባዬ ደህና ነህ? እስቲ እማዬን ስጠኝ» ነው፤ ሌላ ወሬ የለንም።

ትልቁ፣ እኔ ደውዬ ልንገረው አለ። አይሆንም አልኩት።

«መርዶ በእግሩ ይሄዳል እንጂ በሽቦ አይሄድም።»

«አሁን እኮ ሽቦም የለውም አባዬ።»

«ባይኖረውም።»

እኔ ዝም ብዬ ወግ ለማክበር ብቻ አልነበረም። ከኛ ቤት ሦስተኛው በር የነበረች ልጅ አረብ አገር ሆና የአባቷን ሞት በስልክ ሰማች። የሰው ቤት ኩሽና ውስጥ ነበረች፣ የሚይዛት አልነበረም፣ ወደቀች። አገሯ ከተመለሰች በኋላም ደህና ሰው አልሆነችም። መርዶ ሲነገር የሚይዝ እጅ ያስፈልጋል። ፊት የሚታጠብበት ውኃ የሚያቀርብ ያስፈልጋል። «አልቅስ፣ ይውጣልህ» የሚል ያስፈልጋል። ስልክ ይህን አያደርግም። ይህን ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም፤ እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው።

ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ እስላም ናት። ከባለቤቴ ጋር እንደ እህት ነበሩ። እሷም አልተስማማችኝም።

«ጋሼ፣ እኛ ሬሳ አናሳድርም። መርዶም ባያድር ጥሩ ነው» አለችኝ። «ልጁ እናቴ አለች ብሎ በየቀኑ ይጸልይላታል፤ ይሄ ደግ ነው?»

«ለሞተም ይጸለያል» አልኳት።

«እሱስ ልክ ነው» አለችና ተወችኝ። ብትተወኝም ውሸቱን አብራኝ ተሸከመች። የሰፈሩ ልጆች ስልክ ላይ ፎቶዋን ከሻማ ጋር እንዳያወጡ ቤት ለቤት እየዞረች አስጠነቀቀች። አንዱ አውጥቶ ነበር፤ በሩ ላይ ቆማ፣ «አሁኑኑ ታወርደዋለህ ወይስ ስልክህን ሽንት ቤት ልጨምረው?» አለችው አሉ። ወረደ።

እንግዲህ የሚቀረው ትልቁ ልጄ ከዳላስ ሂውስተን መሄዱ ነው። ለምን በአየር አትሄድም ብለው ለሦስት ሰው ቲኬት ከባድ ነው አለኝ፤ መኪናው በር ላይ ቆሟል። ሦስት ሰው ያልኩት እኔ ነኝ። መርዶ አንድ ሰው ብቻውን ይዞት አይሄድም። አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ውኃ ያቀርባል። ደግሞ ወንድም ወንድሙን አያረዳም፤ እሱም ሐዘንተኛ ነው፣ አብሮ ነው የሚያለቅሰው። ስለዚህ የሚናገር ትልቅ ሰው ያስፈልጋል። ልጄ ሁለት ሰዎች አገኘ። አንዱ መኪና ማቆሚያ ቦታ የሚሠራ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ቃሉ የተመዘነ ሰው ነው አለኝ። ሁለተኛው ታክሲ የሚነዳ ዲያቆን ነው።

ከዚያ የሥራቸው ነገር መጣ። ልጄ ማታ ገቢ ነው። ሽማግሌውም ማታ ገቢ ነው። የሚያርፉት አንድ ሌሊት ብቻ ነው፣ እዚያ ማደር የለም። እኩለ ሌሊት ተነስቶ በዚያው ቀን ማታ ሥራ ላይ መገኘት ነው። እኛ ደርሶ መልስ የምንለው ነው።

ይህን ለእድሩ ዳኛ ስነግረው ሳቀብኝ።

«መርዶ በደርሶ መልስ? አንተ ሰው፣ ሰንጋ ተራ በሬ ሊገዙ የሚሄዱ መሰለህ እንዴ?»

«ሌላ ቀን የላቸውም።»

«አርድቶ ጥሎት መመለስ ማለት እሳት ለኩሶ መሄድ ነው።»

እሱ እንኳ እውነቱን ነው። ሁለት ቀን አሰብኩበትና መላ አገኘሁ። አይጥሉትም። ይዘውት ይመጣሉ። ሊነጋጋ ሲል ይደርሳሉ፣ ይነግሩታል፣ ያለቅሳል፣ ፊቱን ያጥቡታል፣ ልብሱን በሻንጣ ይከቱለትና መኪናው ውስጥ አስገብተው ዳላስ ይወስዱታል። ዳላስ ደግሞ የወንድሙ ሚስት ቤቱን አዘጋጅታ፣ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። ሦስት ቀን እዚያ ይቀመጣል። ዳኛው ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ «እንዲህ ከሆነስ ያስኬዳል» አለ። እሱ ያስኬዳል ካለ ያስኬዳል፤ ስንት ቀብር የመራ ሰው ነው።

ከዚህ በኋላ የቀረው መንገዱ ነው። እኔ በወጣትነቴ የደሴ አውቶቡስ ረዳት ነበርኩ፤ ኋላ ነው እዚህ ካዛንቺስ መሥሪያ ቤት ጥበቃ የሆንኩት። ስለ መንገድ የማውቀው ደሴን ነው። ከባምቢስ ዝቅ ብሎ አንድ ኢንተርኔት ቤት ነበር፤ እዚያ ገብቼ የምትሠራዋን ልጅ፣ ከዳላስ ሂውስተን ያለውን መንገድ አሳዪኝ አልኳት።

«እርስዎ ነዎት የሚሄዱት አባባ?»

«በምን አቅሜ። ሰው ልልክ ነው።»

አንድ ነገር ነካካችና ሰማያዊ መስመር ወጣ። ቀጥ ያለ ነው፣ ልክ ክር ወጥረው ያሰመሩት ይመስላል። ርቀቱን ስታነብልኝ ደሴን ያህላል። ስንት ሰዓት ይፈጃል ብላት አራት ሰዓት አለችኝ። እኛ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነስተን ደሴ ስንገባ መሽቶ ነበር። ቁልቁለቱ የት ጋ ነው አልኳት።

«ቁልቁለት ያለው አይመስለኝም፤ ሜዳ ነው።»

«ይህን ሁሉ መንገድ? ጣርማ በርን የመሰለ የለውም?»

«አባባ እኔም አላየሁትም እኮ» አለችና ሳቀች። ክፉ ልጅ አይደለችም። ወረቀት ላይ አትማ ሰጠችኝ፣ እኔም አልጋዬ ራስጌ ለጠፍኩት። የከተሞቹን ስም የፈረንጅ ፊደል ስለሆነ አላነበብኩትም፤ ቦታቸውን ግን በጣቴ ለየሁት። እዚህ ጋ ያርፋሉ፣ እዚህ ጋ ነዳጅ ይሞላሉ እያልኩ።

ልጄን በየቀኑ አዝዘው ነበር። ወንበር ሳይቀር ደለደልኩ። ሲመለሱ ዲያቆኑ ይነዳል፣ ሽማግሌው ከፊት፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ከኋላ። ያለቀሰ ሰው መሪ አይዝም። ንፍሮ ተቀቅሎ ይያዝ፣ ውኃ ይያዝ፣ ትርፍ ነጠላ ይያዝ። ልጄ «እሺ፣ እሺ» ይላል። አንድ ቀን፣ ጢሜን ልላጨው ወይ አለኝ። እናቱ ከሞተች ጀምሮ አልተላጨም ነበር፤ ወንድሜ ገና ሲያየኝ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው አለ።

«አርባዋ ሳይወጣ? የሞተችው እናትህ ናት ወይስ የጎረቤት?»

«እሺ፣ ትቼዋለሁ።»

መንገዱን በአንድ በኩል ስናበጅ እሑድ በሌላ በኩል ይመጣል። በመጀመሪያው እሑድ ትንሹ ሲደውል እናትህ ጠበል ሄዳለች አልኩት። ወገቧን ያማት ስለነበር ማመኑ አልከበደውም። ጠበል ቦታ ስልክ አይያዝም አልኩት። በሁለተኛው እሑድ፣ እስካሁን? አለኝ። ጠበል በቀን አይለካም አልኩት። በሦስተኛው እሑድ ጎረቤቴ ጋ ደውሎ ኖሯል፤ አግኝተሻት አታውቂም እንዴ፣ ሄዳችሁ አትጠይቋትም እንዴ ብሎ ያዛት። እሷም ደህና ናት አለችው፣ ከዚያ ስልኩን ዘግታ እኔ ቤት መጥታ አለቀሰች። አራተኛው እሑድ የባሰ ነበር።

«አባዬ፣ ሰው ልከህ ድምጿን አስቀዳልኝ። አንድ ቃል ብቻ ትበል። ቀድታችሁ ላኩልኝ።»

«ጠበል ላይ ያለ ሰው ድምፁ አይቀዳም።»

«እንደዚያ የሚል ሕግ አለ?»

«አለ።»

ከዚያ ዝናቡ እንዴት ነው አለኝ። ይዘንባል አልኩት።

እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን የምቸኩልበት ምክንያት ነበረኝ። አርባዋ እየቀረበ ነው። ልጁ ሳያውቅ አርባዋ ከወጣ፣ ሰው ሁሉ ሐዘኑን ሲጨርስ እሱ ሊጀምር ነው። ብቻውን የሚያለቅስ ሰው ደግሞ መጨረሻ የለውም። ነገር ግን መንገዱ እምቢ አለ። አንዴ ሽማግሌው ፈረቃው ተቀየረበት። ሁለተኛ መኪናው ሞተሩ ታመመ፤ ልጄ ሌላ መኪና ልከራይ ሲል የማታውቀውን መኪና ይዘህ ሌሊት አትወጣም ብዬ ከለከልኩት። ሦስተኛ ሂውስተን ዝናብ ጥሎ መንገድ በውኃ ተዘጋ አሉ። ሜዳ ነው ያለችኝ ልጅ ትዝ አለችኝ። ሜዳ ውኃ ይይዛል፤ ይህንስ እኔም አውቃለሁ።

አርባዋ ሊደርስ ሲል አንድ ቀን የሦስቱም ሰዎች እረፍት ገጠመ። የኛ ጠዋት የነሱ እኩለ ሌሊት ነው። ቁርስ ሰዓት ላይ ልጄ ደወለ።

«አባዬ፣ ተነሳን።»

«ጎማ ፈትሻችኋል?»

«ደህና ነው።»

«ትርፍ ጎማው፣ ስኮርታው?»

«አባዬ፣ እዚህ ጎማ ቢፈነዳ ደውለን ይመጡልናል።»

«ስኮርታው አለ ወይ ነው ያልኩህ።»

ከኋላ የሽማግሌው ድምፅ ይሰማል፣ «አለ በላቸው፣ አይቼዋለሁ» ይላል። ያን ጊዜ ሰውየውን ወደድኩት።

ቤት ቁጭ ማለት አልቻልኩም። ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። ያኔ የኛ ሰፈር ሊፈርስ ነው ይባል ስለነበር ቤቶቹ ላይ ቀይ ምልክት ተቀብቷል፣ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ የሚያወራው ስለዚያ ብቻ ነው። የት ሊያወርዱን ነው? ስንት ክፍል ነው? እኔ መልስ ሳልሰጥ አልፋለሁ። እስከ ባምቢስ ወርጄ ተመለስኩ፣ ደግሜ ወረድኩ። እግሬ ካዛንቺስ ነው፣ ሐሳቤ መንገዱ ላይ ነው። የኢንተርኔት ቤቷ ልጅ ሜዳ ነው ብትለኝም እኔ ጣርማ በር ላይ ፍሬን እረግጣለሁ፣ ደብረ ሲና ስወርድ ጥርሴን እነክሳለሁ። አንድ የማውቀው ሊስትሮ፣ ጋሼ ዛሬ ምን ጠፍቶብዎት ነው የሚመላለሱት አለኝ። ሰው ልኬ ነው አልኩት።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሌላ ስልክ መጣ። ነዳጅ ማደያ ቆመዋል። ዲያቆኑ ነው የሚነዳው፣ ሽማግሌው ተኝቷል። አትቀስቅሱት፣ የሚናገረው እሱ ነው አልኩ። ልጄ ድምፁ ቀጠነብኝ።

«አባዬ፣ ባያለቅስስ?»

«ማን?»

«እሱ። ዝም ቢልስ? ዝም ሲል አውቀዋለሁ፣ ያስፈራኛል።»

«መርዶ ሰምቶ ዝም የሚል የለም። አንተ ብቻ ቀድመህ እንዳታለቅስ። ሽማግሌው ይናገር፣ ከዚያ አልቅስ።»

ከሰዓት ስምንት ሰዓት ግድም ዳኛው ጋቢውን ደርቦ መጣ። ጎረቤቴ ምሳ ይዛ ገባች፤ ማንም አልነካውም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርገን ሦስታችን ዙሪያውን ተቀመጥን። ዳኛው ሰዓቱን እያየ፣ አሁን እዚያ እየነጋ ነው አለ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል።

ስልኩ ሲጮህ ልቅሶ ነበር የጠበቅኩት። ጆሮዬን ለልቅሶ አዘጋጅቼ ነበር። ልጄ ግን በሹክሹክታ ነው ያወራው።

«አባዬ፣ ውስጥ ነው። አይከፍትም።»

«አንኳኩ።»

«አንኳኳን። እግሩ ይሰማኛል፣ በሩ ጋ ነው ያለው። በሩ ላይ የሚያዩበት ቀዳዳ አላቸው፤ አይቶናል።»

«አንተ መሆንህን ንገረው።»

«ያውቀኛል አባዬ። ተናገረኝ እኮ።»

«ምን አለህ?»

«ወንድሜ፣ ጢምህን አየሁት፣ ተመለስ አለኝ።»

ጎረቤቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ዳኛው ጋቢውን ወደ ራሱ ሰበሰበ። እኔ ለጊዜው ነገሩ አልገባኝም ነበር፤ በኋላ ነው የገባኝ። ሊነጋ ሲል ሦስት ወንዶች ደጅህ ላይ ቆመው ካየህ፣ አንዱ ጢሙን ያሳደገ ወንድምህ ከሆነ፣ ለምን እንደመጡ ማን ይነግርሃል? ሐበሻ ሆኖ ይህን የማያውቅ የለም። ፈረንጅ ቢሆን ከፍቶ «ምን ፈለጋችሁ?» ይል ነበር። የኛ ልጅ ስለሆነ አልከፈተም።

ሽማግሌው ስልኩን ተቀበለ። ድምፁ የረጋ ነው። እግዜር ያጥናዎት ካለኝ በኋላ፣ «በበሩ ልንገረው ወይ? ጮክ ብል ይሰማኛል» ብሎ ጠየቀኝ።

ጎረቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ይንገሩት ጋሼ። በቃ ይንገሩት፣ ይለቅለት።»

እኔ አይሆንም አልኩ። በተዘጋ በር ላይ መርዶ አይጮህም። በፎቁ ላይ ጎረቤት የሆነ ሰው፣ ደረጃ የሚወጣ ሰው እየሰማ፣ የሚይዘው እጅ በወዲያ በኩል ቀርቶ፣ የእናቱ ሞት በእንጨት ውስጥ አይገባለትም። ቁጭ በሉ አልኩ። ይከፍታል። ሰው ሽንቱ ይመጣል፣ ይርበዋል፣ ሥራ ይሄዳል። ይከፍታል። እናንተ ደጁ ላይ ቁጭ በሉ። ያልኩት ይህን ነው፤ ዛሬም ብጠየቅ የምለው እሱኑ ነው።

ቁጭ አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ልጄ እየቆየ እየደወለ ነው የነገረኝ። ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ ንፍሮው በድስቱ በመሀላቸው። አንዲት ነጭ ጎረቤት ወጥታ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች፤ ልጄ፣ ወንድሜ ነው አላት፣ ገብታ ቆለፈች። ሥራ የሚሄዱ ሰዎች በላያቸው ተራምደው አለፉ። ዲያቆኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጸሎት አደረሰ። ትንሹ ከውስጥ ቴሌቪዥን ከፈተ፣ ድምፁን ከፍ አደረገው። ልጄ በሩን ተደግፎ፣ ልጅ ሆነው አንድ አልጋ ላይ ሲተኙ የሚያወሩትን ወሬ ሁሉ አወራለት፤ የሰፈሩን፣ የኳሱን፣ እኔ ቀበቶዬን ይዤ ያባረርኳቸውን። ስለ እናቱ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም፣ ከልክዬው ነበርና። ከውስጥ የሚሰማው ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው።

እኛ ቤት መሸ። ዳኛው አልሄደም፣ ጎረቤቴም አልሄደችም። ልጄ ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውል የነሱ ቀትር ሊሆን ነው።

«አባዬ፣ ካልተነሳን ማታ ሥራ አንደርስም። ሽማግሌው ካልገባ ያባርሩታል።»

ለመንገዱ ሰዓት ቆጥረን ነበር። ለነዳጁም፣ ለልቅሶውም፣ ፊት ለማጠቢያውም ሳይቀር ሰዓት ቆጥረን ነበር። ለበሩ አልቆጠርንም። ዳኛውን አየሁት፤ እሱ መሬት ያያል። «ሂዱ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? ያንን ሽማግሌ ለማያውቀው ሰው ብሎ ከእንጀራው እንዲወጣ ማድረግ አልችልም።

ድስቱን በሩ ሥር ትተውለት ሄዱ። ከኋላ ወንበር ላይ ልጄ ብቻውን ተቀመጠ አሉኝ፤ ማንም ቦታ ልቀይር አላለም። እኔ የደለደልኩት ድልድል ነው፣ አንድ ሰው ጎደለበት እንጂ። ሦስቱም ማታ ሥራቸው ላይ ደረሱ። መንገዱ በየትኛውም በኩል አላስቸገራቸውም።

በሚቀጥለው እሑድ አልደወለም። ከዚያም ባለው አልደወለም። አርባዋ ወጣ፤ ቤተ ክርስቲያን ሄደን ዝክሯን አወጣን፣ ትልቁም እዚያ ዳላስ አወጣ። እኔ ስደውል ስልኩ ይጠራል እንጂ አይነሳም። ልጄ ሌላ ቀን ደርሶ መልስ እንሂድ ወይ ሲለኝ፣ ማን ይከፍትላችኋል አልኩት። ሂውስተን ካለ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ልላክበት ሲል፣ የማያውቀው ቄስ በሩን ቢያንኳኳ ለሁለተኛ ጊዜ ልትገድሉት ነው አልኩት። ከዚያ ወዲያ ሐሳብ አላመጣም። እኔም አላመጣሁም።

መስከረም ከጠባ በኋላ ደወለ። «አባዬ ደህና ነህ?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። እስቲ እማዬን ስጠኝ ይላል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለም። ስለ ሥራው ነገረኝ፣ ስለ ሙቀቱ ነገረኝ። ስለሷ አንድም ነገር አልጠየቀኝም፣ ጠበሉንም አላነሳ። እኔም አላነሳሁ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንዲሁ ነን። በየእሑዱ ይደውላል፤ አሁን ለኔ ነው የሚደውለው። ወሬያችን ረዘመ፤ ድሮ ያላወራነውን ሁሉ እናወራለን። እሷ ግን በመካከላችን የለችም፣ ሞታም የለችም፣ ኖራም የለችም። ሰው ዘመድ ሲሞትበት እግዜር ያጥናህ ይባላል። ስንቱን ጎረቤት፣ ስንቱን ባዳ ብዬዋለሁ። ለገዛ ልጄ፣ ለትንሹ ግን አላልኩትም፤ ላልተረዳ ሰው እንዴት ይባላል?

ከወንድሙም ጋር ይደዋወላሉ። ስለ መኪና ነው የሚያወሩት ይለኛል። አንድ ጊዜ ልጄ ድፍረት አግኝቶ፣ ያንን ድስት ምን አደረግከው ብሎ ጠይቆት ነበር። አጥቤ አስቀምጬልሃለሁ፣ ስትመጣ ትወስደዋለህ አለው። ሌላ አላሉም።

ሙት ዓመቷ ወጣ። በዓመቱም ሰፈራችን ፈረሰ። ጎረቤቴን አንድ ጫፍ፣ ዳኛውን ሌላ ጫፍ ወሰዷቸው፣ እድራችንም በየቦታው ተበተነ፤ አሁን እኔ ብሞት ድንኳኑን ማን እንደሚተክል አላውቅም። እኔ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ፣ አራተኛ ፎቅ። ዕቃዬን ያስገባሁ ዕለት እሑድ ነበር። ካርቶኑ ገና አልተፈታም፣ የሷን ልብስ የያዘው ሻንጣ በሩ ሥር ቆሟል፣ እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጫለሁ። ትንሹ ደወለ። ቤቱ እንዴት ነው አለኝ። ደረጃው ያደክማል አልኩት። ውኃ ይወጣል? አንዳንዴ። ፀሐይ ይገባዋል? ጠዋት ይገባዋል።

«ስንት ክፍል ነው?»

«ሁለት።»

«ለሁለታችሁ ይበቃችኋል» አለኝ።

ቤቱን ዞር ብዬ አየሁት።

«ይበቃናል» አልኩት።